ለዜማ የሰጠ ሰው የምን ባለቤት ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዓመቱ ክብረ በዓል ሲቃረብ በመንገድ ዳር ጃንጥላ ተዘቅዝቆ፣ በዐውደ ምሕረት መዝገብ ተዘርግቶ፣ አሁን አሁን ደግሞ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በየስልኩ ተልኮ «ስለ ቤተ ክርስቲያን ስጡ» የሚል ጥሪ ይሰማል። እኛም የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ከዚሁ ሥራ ውጪ አይደለንም። ከመካከላችን ጃንጥላ ያልያዘ፣ ደረሰኝ ያልቈረጠ፣ የሰጪ ስም ያልመዘገበ ጥቂት ነው። ዳሩ ግን እጃችንን ከመዘርጋታችን በፊት ልንመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የምንለምነው ለምንድን ነው? የሚሰጠንስ ሰው በሰጠው ገንዘብ የምን ባለቤት ይሆናል?» የሚለው ነው።

ጥያቄው ለሕንፃ ሲሆን ቀላል ይመስላል። ሰጪው ገንዘቡ ድንጋይና ቆርቆሮ ሆኖ በዓይኑ ያየዋል፤ ለማኙም «ይኸው ሠራንበት» ብሎ በጣቱ ያሳየዋል። ለዜማ ሲሆን ግን ይከብዳል። ዜማ በክንድ አይለካም፣ በሚዛን አይመዘንም፣ ተዘግቶ የሚቈለፍ በርም የለውም። ስለዚህ በዚች አጭር ጽሑፍ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለውን ነገር ምሳሌ አድርገን፣ ለዜማ መለመንና ለዜማ መስጠት ምን ማለት እንደ ሆነ አብረን እንመርምር።

ይህ አገር ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ቈላ የሚወርድ ነው። ላይ ጋይንት በነፋስ መውጫ፣ ታች ጋይንት በአርብ ገበያ፣ ስማዳ በወገዳ፣ እስቴም በመካነ ኢየሱስ ከተማቸው ይታወቃሉ። መሬቱ በብዙ ቦታ ገደላማ፣ አፈሩ የታጠበ፣ ዝናቡም የማይታመን በመሆኑ ገበሬው በድርቅ ብዙ ጊዜ ተጐድቷል። ጋይንትና ስማዳ የሴፍቲኔት መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል መሆናቸው ይህንኑ ያስረዳል።

ሆኖም ድሃ የምንለው ይህ አገር ለመላው ኢትዮጵያ ዜማ ያበደረ አገር ነው። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ የተማረ ሰው ከየትም አገር ቢሆን ወደ ቤተልሔም ወጥቶ፣ በሊቃውንቱ ፊት ተፈትኖ፣ አስመስክሮ መመለሱ ለዘመናት የኖረ ሥርዓት ነው። በዚያው በጋይንት ምድር ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት፤ ትውፊቱም ቅዱስ ያሬድ በዚያ ቦታ ማስተማሩን ይናገራል። በእስቴ በኩል ደግሞ ቆማ አለ። ሊቃውንት የድጓን ዜማ በየይትበሃሉ ሲለዩት ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እያሉ ይጠሩታል። ከሦስቱ ስሞች ሁለቱ የዚህ አገር ስሞች መሆናቸውን ልብ እንበል። ከጉና ወዲያ ማዶም ደብረ ታቦር ኢየሱስ የተክሌ አቋቋም የሚመሰከርበት ደብር ነው።

በእነዚህ ቤቶች የሚሰጠው ትምህርት እንዲህ በዋዛ የሚያልቅ አይደለም። ተማሪው ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን ለይቶ፣ ጾመ ድጓውን፣ ድጓውንና ምዕራፉን አንድ በአንድ ከመምህሩ ሲቀበል ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ቁርጥ የሚባሉት የዜማ ምልክቶች በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተዘጋጁ ይነገራል። ነገር ግን ምልክቱ ለሚያውቀው ሰው ማስታወሻ ነው እንጂ ለማያውቀው ሰው አስተማሪ አይደለም። ዜማው የሚተላለፈው ከየኔታ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ፣ ከተማሪውም ጆሮ ወደ ልቡ ነው። ስለዚህ አንድ የኔታ ተተኪ ሳያፈሩ ቢያርፉ፣ የብራና መጽሐፋቸው በዕቃ ቤት ተቀምጦ ሳለ እሳቸው ዘንድ የነበረው ዜማ ከእሳቸው ጋር ይቀበራል። እንግዲህ የምንለምንለት ነገር ይህን የመሰለ ነው። ሕንፃ ቢፈርስ መልሶ ይሠራል፤ ይህኛው ግን አንድ ትውልድ ከዘለለው ተመልሶ አይገኝም።

ይህ ሙያ እስከ ዛሬ በምን ኖረ? በሁለት ነገር ኖረ ማለት ይቻላል። አንደኛው መሬት ነው። ነገሥታቱና መኳንንቱ ደብር ሲተክሉ ካህኑና ደብተራው የሚተዳደሩበትን መሬት አብረው ይሰጡ ነበር። ቀዳሹ ስለ ቅዳሴው፣ መሪጌታውም ስለ ማኅሌቱ ከመሬቱ ድርሻ ነበረው። ሁለተኛው አኮፋዳ ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ይማር ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ እንዲሁ ይማራል። ንጉሡ በመሬት፣ ባላገሯ እናት በቁራሽ እንጀራ፣ ሁለቱም የአንድ ዜማ ሰጪዎች ሆነው ኖሩ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የቤተ ክርስቲያኗም መሬት አብሮ ሄደ። የዐዋጁን ፍትሐዊነት መመርመር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፤ በጭሰኝነት የኖረው ገበሬ የራሱ ብሶት እንደ ነበረው የታወቀ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሁለቱ ሰጪዎች አንዱ፣ ባለመሬቱ፣ ቀረ። ምእመኑ ብቻ ቀረ። የዜማ ቤት ዕድሜ በሕዝበ ክርስቲያኑ ፈቃድና በእኛ አለማመን ላይ ወደቀ።

ነገሩ በቅዱስ መጽሐፍ አዲስ አይደለም። በመጽሐፈ ነህምያ በመጨረሻው ምዕራፍ እንደምናነበው፣ ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ ለሌዋውያኑና ለመዘምራኑ የሚገባቸው ድርሻ ተቋርጦ፣ እነርሱም አገልግሎቱን ትተው እያንዳንዳቸው ወደየእርሻቸው ሄደው አገኛቸው። ነህምያ መዘምራኑን «ስለ ምን ተዋችሁ?» ብሎ አልገሠጻቸውም። የገሠጸው ሹሞቹን ነው፤ የእግዚአብሔር ቤት ለምን ባዶውን እንደ ቀረ የጠየቀው እነርሱን ነው። ከዚያም በታማኝነታቸው የታወቁ አንድ ካህን፣ አንድ ጸሐፊና አንድ ሌዋዊ መርጦ፣ ረዳትም ጨምሮ፣ በዕቃ ቤቱ ላይ ሾማቸው። ዛሬም አንድ የዜማ ተማሪ ትምህርቱን አቋርጦ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሲወርድ «ይህ ዘመን ከፋ» ብለን በተማሪው እናዝናለን። ነህምያ ግን ጥያቄውን ወደ እኛ ይመልሰው ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ መከራከሪያ እንምጣ። «ሕዝቡ ርቦት ሳለ ለዜማ ገንዘብ መሰብሰብ ይገባልን? በጋይንትና በስማዳ ገደል ላይ የሚኖረው ገበሬ እህል ሳያገኝ ስለ ድጓና ስለ ዝማሬ መናገር ቅንጦት አይሆንምን?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ይህን የሚሉት ከክፋት አይደለምና ቃላቸውን አንናቅ።

ጌታችን በቢታንያ ሳለ ማርያም ዋጋው እጅግ የከበረ የናርዶስ ሽቱ በእግሩ ላይ ባፈሰሰች ጊዜ፣ ይሁዳ ሽቱው በሦስት መቶ ዲናር ተሽጦ ለድሆች ሊሰጥ እንደሚገባው ተናገረ። ወንጌላዊው ዮሐንስ ግን ይሁዳ ይህን ያለው ለድሆች ተጨንቆ ሳይሆን ኮረጆውን ይዞ ከሚገባው የሚሰርቅ ስለ ነበረ መሆኑን ገልጾልናል። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ለእግዚአብሔር ክብር የፈሰሰ ውበት ጥፋት አለመሆኑን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ድሃን እንደ ጋሻ አንሥቶ ውበትን የሚነቅፍ ሁሉ ድሃውን ይረዳል ማለት አለመሆኑን ነው። ለዜማ ቤት ያልሰጠነውን ገንዘብ ለተራበ ሰው ሰጥተነው እንደ ሆነ እያንዳንዳችን ኪሳችንን እንጠይቅ። አብዛኛውን ጊዜ ለሁለቱም አልሰጠነውም።

ነገር ግን ይህን ጥቅስ ይዘን ከተራበ ሰው ላይ የመቀማት ነጻነት አገኘን ማለት አይደለም። ማርያም ያፈሰሰችው የራሷን ሽቱ ነው፤ ከጎረቤቷ ቤት የወሰደችው አልነበረም። ነቢዩ ኤልያስ ከሰራፕታዋ መበለት የመጨረሻዋን እፍኝ ዱቄት መለመኑን እየጠቀስን «ስጡ፤ ማድጋችሁ አይጐድልም» ማለት የለመዱ አሉ። ማድጋውን የሞላው እግዚአብሔር ነው እንጂ ለማኙ አልነበረም። በራሳችን አንደበት የማንፈጽመውን ተስፋ በእግዚአብሔር ስም መስጠት በደል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ቆሮንቶሳውያንን ሲያስተምር፣ ስጦታ የሚወደደው ሰው እንዳለው መጠን ሲሰጥ ነው እንጂ እንደሌለው መጠን አይደለም ብሏል። ስለዚህ ሕጋችን ይህ ይሁን፦ በድርቅ ዓመት ከገበሬው ደጅ ገንዘብ ይዘን ለመሄድ አንቁም፤ ይልቁንም እኛ ወደ ደጁ የምናመጣው ምን እንዳለ እንጠይቅ። የሚበላው ያለው፣ የከተማው ሰው፣ ነጋዴው፣ ደመወዝተኛው፣ በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ ያለው የአገሩ ተወላጅ ግን ከዚህ ይቅርታ ውስጥ አይገባም።

ደግሞም አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የዜማን ቤት እስከ ዛሬ ያቈየው ያው ችግረኛ ገበሬ ነው። ከልጆቿ አፍ ቈርሳ ለቆሎ ተማሪ የሰጠችው እናት «ምን ይጠቅመኛል?» ብላ አልጠየቀችም። ድጓ አታነብም፤ ምልክቱንም አታውቅም። ነገር ግን በክብረ በዓል ሌሊት ከቅጽሩ ውስጥ ቆማ፣ ከበሮው ሲመታ፣ ጸናጽሉ ሲንሿሿ፣ መቋሚያው ሲወዛወዝ ሰምታለች። ከሊቃውንቱ መካከል ያ ትናንት በደጇ የቆመው ልጅ ቢኖር አይገርምም። ቁራሿ ዜማ ሆኖ ተመልሶላታል። ሰጪም ሰሚም ናት። እንግዲህ የጽሑፋችን ቁልፍ ነገር በዚህ ላይ ነው፦ ለዜማ የሚሰጥ ሰው ዜማውን መስማት አለበት። የማይሰማ ሰጪ ቶሎ ይደክማል፤ ወይም ገንዘቡን ወደሚታየው ነገር ያዞራል።

የሚታየው ነገር ሲባል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንግለጥ። ዛሬ በየአገሩ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ይሠራሉ፤ ይህ መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን በዚያው ቅጽር ውስጥ የየኔታ ጎጆ ክዳኑ ሲያፈስ፣ ተማሪውም በቁር ሲጠበስ የሚታይበት ጊዜ አለ። ስለ ምን? ድንጋይ የሰጪን ስም ስለሚሸከም ነው። በበሩ ላይ፣ በደወሉ ላይ፣ በመስኮቱ መስተዋት ላይ ስም ይጻፋል። በአራራይ ዜማ ላይ ግን የማን ስም ይጻፋል? የኔታ አምስት ተማሪ አስመሰከሩ ሲባል ሪባን የሚቈርጥ የለም።

ስለ ቤተልሔምም ቢሆን እንዲሁ ነው። ቶማስ ፓከንሃም የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት በ1948 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን ሲዘዋወር ወደ ቤተልሔም ደርሶ፣ በክብ የሣር ክዳን ቤት ውስጥ የተሰወረ የጥንት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ለዓለም ነገረ። የተመሰገነ ሥራ ነው። ይሁንና ለሊቃውንቱ የቤተልሔም ስም ከዚያ በፊትም የታወቀ ነበር፤ የታወቀውም በድንጋዩ ሳይሆን በድጓው ነው። እንግዳ ሰው ድንጋዩን ቢያይ አይፈረድበትም፤ ዓይን የሚያየው ድንጋይ ነውና። እኛ የቤቱ ልጆች ግን ጆሮ ተሰጥቶናል።

«እንግዲያውስ የሰጪ ስም ጨርሶ አይጠራ፤ ቀኝ የሰጠውን ግራ አይወቅ» የሚል ሊኖር ይችላል። የጌታ ቃል ነውና አንከራከርበትም። ሆኖም አባቶቻችን ይህን ቃል እያወቁ የሰጪን ስም መጻፋቸውን እናያለን። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍታ ተሥላለች። በብዙ የብራና መጻሕፍትም መጨረሻ ላይ መጽሐፉን የጻፈው፣ ያጻፈው፣ የሚያነበው፣ የሚተረጕመውና ቃሉን የሚሰማው በአንድነት ምሕረት እንዲያገኙ የሚለምን ጸሎት እናገኛለን። ልዩነቱን እንመልከት። እቴጌይቱ በሥዕሉ አናት ላይ አልቆመችም፤ ከእግር በታች ወድቃለች እንጂ። ያጻፈውም ሰው ስሙ ለብቻው አልተጠራም፤ ከጻፈው፣ ካነበበውና ከሰማው ጋር በአንድ መስመር ቆመ። ስሙ የተጻፈው ሰው እንዲያመሰግነው ሳይሆን ሰው እንዲጸልይለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ስም ይጠራ ወይስ አይጠራ?» አይደለም፤ «ስሙ የሚጠራው በየት ቦታና ለምን ጉዳይ ነው?» የሚለው ነው። ለጸሎት የተጠራ ስም ሰጪውን ዝቅ አድርጎ ያከብረዋል፤ ለውድድር የተጠራ ስም ግን ከፍ አድርጎ ይጥለዋል፤ አጠገቡ ቆማ ሁለት ብር የሰጠችውንም እናት ያሳፍራታል። መበለቲቱን ያመሰገነ ጌታ ይህን አይወድም።

ከዚህ ቀጥሎ የርእሳችንን ጥያቄ እንመልስ፦ የሰጠ ሰው የምን ባለቤት ነው? አንድ ባለጠጋ መጥቶ «የመዘምራኑን ልብስ፣ ከበሮውንም እገዛለሁ፤ ነገር ግን በበዓሉ ቀን የምወደው መዝሙር ይዘመር፤ ልጄም በፊት መሥመር ይቁም» ቢል ምን እንላለን? ወይም «ለዜማ ቤቱ እረዳለሁ፤ ነገር ግን ትምህርቱ ረዘመ፤ በሁለት ዓመት ጨርሱልኝ» ቢል? ሲሞን መሠርይ በሐዋርያት ፊት ገንዘብ ያቀረበው ስጦታ ለመስጠት ሳይሆን ሥልጣን ለመግዛት ነበር፤ ቅዱስ ጴጥሮስም ገንዘቡን ከነሰውየው መለሰው። ንጉሥ እንኳ መሬት በሰጠበት ዘመን የዜማው ዳኛ መምህሩ ነበሩ እንጂ ንጉሡ አልነበረም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው በትሕትና «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ልብሱን ይልበሱልን ብለው ከሰጡን እንቀበላለን፤ መዝሙሩን ግን ሥርዓቱ ይመርጠዋል» ማለት ይገባናል። ቢቈጣና ቢሄድ፣ በአሮጌ ልብስ የተዘመረ መዝሙር በእግዚአብሔር ፊት አያረጅም።

ይሁን እንጂ ሰጪ ምንም መብት የለውም ማለት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ሰጪ ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይችላል፤ እኛም ሳንጠየቅ ልናቀርብለት ይገባናል።

የመጀመሪያው ሒሳብ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን ይዞ አልሄደም። ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ሌላ ወንድም ላከ፤ ምክንያቱንም ሲገልጥ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን ስለሚያስብ መሆኑን ተናገረ። ጳውሎስ ካልታማ ማን ይታማል ብሎ አልኰራም። እኛም «ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ማን ይጠይቀናል?» ማለት አይገባንም። ለቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ ነው መጠየቅ ያለብን።

ሁለተኛው መታሰቢያ ነው። ሰጪውን የምናስታውሰው ጃንጥላው ሲዘቀዘቅ ብቻ ከሆነ እንደምትታለብ ላም ቈጥረነዋል ማለት ነው። ላም እንኳ ሣር ይቀርብላታል። ስንት ጊዜ ነው ሰጪው ሲታመም ያልጠየቅነው፣ ሲያዝን ያልደረስነው? ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ስጦታውን ራሱን እንደማይፈልግ፣ የሚፈልገው በእነርሱ ሒሳብ ላይ የሚበዛውን ፍሬ መሆኑን አስረድቷል። በለማኝና በወዳጅ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ለማኝ የሰውየውን እጅ ያያል፤ ወዳጅ ሰውየውን ያያል።

ሦስተኛው መስማት ነው። ከላይ እንዳልነው ቁራሽ የሰጠችው እናት ዜማውን ሰምታለች። የአዲስ አበባውና የባሕር ማዶው ሰጪ ግን አልሰማም። እርሱ ያየው የባንክ ቁጥር ነው። ስለዚህ በበዓሉ ቀን ጋብዘን በማኅሌቱ ሌሊት አጠገባችን እናስቁመው፤ ምን እንደሚባል በጆሮው እንንገረው። መምጣት ለማይችለው የየኔታን ፈቃድ ጠይቀን የተማሪዎቹን ድምፅ ቀድተን እንላክለት፤ ስልኩ ለልመና ብቻ አይሁን። «ባለፈው ዓመት ይህ ተማሪ ጾመ ድጓ ላይ ነበረ፤ ዘንድሮ ድጓ ገብቷል» ብለን እንጻፍለት። ያን ጊዜ የሰጠው ገንዘብ ሰው ሆኖ ይታየዋል።

እንግዲህ ሥራውን ከየት እንጀምር? ከትንሹ እንጀምር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ የዜማ ቤት፣ በዚያም አንድ ወይም ሁለት ተማሪ ይያዝ። የዓመቱ ቀለብና ልብስ ስንት እንደሚፈጅ ከየኔታ ይጠየቅ እንጂ ከእኛ ግምት አይነሣ። ድምሩ ለሃምሳ ሰው በየወሩ ቢከፈል ለአንዱ የሚደርሰው ከሻይና ከዳቦ ዋጋ ብዙ አይበልጥ ይሆናል። ገንዘብ የሌለው እህል ያምጣ፤ እህል የሌለው ጉልበቱን ይስጥ፤ የየኔታን ጎጆ ክዳን ማደስ የወጣት ሥራ ነው። መዝገቡን የሚይዙ ሦስት ሰዎች ይመረጡ፤ ገቢና ወጪው በጉባኤ ይነበብ። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳንም የአብነት ትምህርት ቤቶችን ለመርዳት ሲሠራ ቆይቷልና፣ ብቻችንን የጀመርነው ነገር አድርገን አናስበው። ከቀደሙት ጠይቀን እንማር።

በመጨረሻም የምንለምንበትን ልክ እንወቅ። በኦሪት ዘጸአት ባስልኤልና ኤልያብ ደብተራ ኦሪትን ሲሠሩ ሕዝቡ በየማለዳው ስጦታ እያመጣ በዛ። ያን ጊዜ «በዝቷል» ብለው ለሙሴ የነገሩት ባለ ጥበቦቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሙሴም ከእንግዲህ ማንም እንዳያመጣ በሰፈሩ ዐዋጅ አስነገረ። ወንድሞችና እኅቶች፣ «በቃን» ያለ ኮሚቴ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሕዝቡ በሙሴ ልመና ያልታከተው ልመናው ወሰን ስለ ነበረው፣ ባለ ጥበቦቹም ከሥራው በላይ ለእጃቸው ስላልፈለጉ ነው። የሚበቃውን የሚያውቅ ለማኝ ይታመናል፤ የሚታመን ለማኝም ደጅ አያጣም።

ስለዚህ የሰጠ ሰው የዜማው ጌታ አይደለም፤ ለዜማው እንግዳም አይደለም። ከጻፈው፣ ካነበበውና ከሰማው ጋር በአንድ መስመር የቆመ የዜማው ባልንጀራ ነው። እኛም የተለመነልንና የምንለምን ወጣቶች፣ ለሰጪው ዕዳ አለብን፤ ለየኔታም ዕዳ አለብን፤ ከሁሉ ይልቅ ገና ላልተወለደው፣ ነገ በጋይንት ወይም በስማዳ በአንዲት አጥቢያ ቆሞ «ይህ ዜማ ከማን ተቀበላችሁት?» ብሎ ለሚጠይቀው ልጅ ዕዳ አለብን። ያ ልጅ መልስ እንዲያገኝ የኔታ ዛሬ እራት ሊበሉ ይገባል።

አምላከ ቅዱስ ያሬድ የሰጪውን እጅ፣ የተማሪውን ልብ፣ የእኛንም አንደበት ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።